ሊብጂዳል የለም አለኝ፣ ሊንክ ሠራሁለት፣ አሁን ደግሞ ጂሊብሲ ይለኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ለማስተርስ ጽሑፌ የጓሳን የሣር ሽፋን ካርታ እየሠራሁ ነው። ላፕቶፔ ኡቡንቱ 22.04 ነው፤ የካርታ ፕሮግራሙ ኪውጂአይኤስ 3.22 በደንብ ይሠራልኝ ነበር። አማካሪዬ የላከልኝ ፕሮጀክት በ3.34 የተሠራ ስለሆነ ስከፍተው ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እዚህ ኔትወርኩ ስለማይችል ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሜ ከራሱ ኮምፒውተር የዴብ ፋይሎቹን (የመጫኛ ፓኬጆቹን) በፍላሽ ላከልኝ። የእሱ ኡቡንቱ 24.04 ነው። ዲፒኬጂ (ፓኬጅ የሚጭነው ትዕዛዝ) ዲፔንደንሲ (ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሌላ ፓኬጅ) አልተሟላም ሲለኝ በፎርስ ጫንኩት። ስከፍተው ሊብጂዳል ዶት ኤስኦ ዶት 34 የሚባል ፋይል የለም አለ። ሰው መክሮኝ ያለኝን ሊብጂዳል 30 በሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል በሚጠቁም ስም) 34 አልኩት። አሁን ደግሞ ጂሊብሲ 2.38 አልተገኘም ይላል። ወንድሜ ጂሊብሲውንም ገልብጬ ልላክልሽ ይለኛል። ልቀበለው?

መልስ፦

አትቀበይው እህቴ። ወንድምሽን አመስግኚልኝ፣ ግን ጂሊብሲውን እዚያው ይተወው። ጂሊብሲ ማሽኑ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፍበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው። እስካሁን ያደረግሽው ሁሉ ይስተካከላል፣ ዛሬ ማታውኑ ልትጨርሺው ትችያለሽ። ጂሊብሲ ከተበላሸ ግን ለመጠገን የምትጠቀሚባቸው ትዕዛዞች ራሳቸው አይነሱም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ትዕዛዞቹን እንደምንጠራቸው ነው የምጽፋቸው። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ትከትቢያቸዋለሽ። ማይነስ ስል አንድ ሰረዝ ነው፣ ሁለት ማይነስ ስል ደግሞ ሁለት ሰረዝ ሳይነጣጠል።

መጀመሪያ ምን እየሆነ እንዳለ እንይ፤ እሱ ካልገባሽ ነገ በሌላ ፕሮግራም ይኸው ነገር ይመጣብሻል። ፕሮግራም ስትከፍቺ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም፣ ሎደሩ ነው። ሎደሩ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ሼርድ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን የኮድ ፋይሎች) ስም ዝርዝር ያነብና በየስማቸው ፋይሎቹን ይፈልጋል። አንዷ ከጎደለች እዚያው ያቆማል፣ ሌላውን አይጠይቅም። ሁሉም ከተገኙ በኋላ ነው ቨርዥን የሚያየው፤ ይህ ፕሮግራም ከዚህ ላይብረሪ ላይ የሚፈልገው ቨርዥን አለ ወይ ብሎ። እሱም ካለፈ በመጨረሻ ፈንክሽኖቹን አንድ በአንድ ከስማቸው ጋር ያገናኛል፤ እዚህ ላይ ሲወድቅ አንዲፋይንድ ሲምቦል የሚል ኤረር ታያለሽ።

አሁን ያንቺን ኤረሮች በዚህ ዓይን እያቸው። መጀመሪያ የወደቅሽው ፋይል ፍለጋው ላይ ነበር፣ ሊብጂዳል 34 የለም ሲልሽ። ሊንኩን ስትሠሪ ሎደሩ ስሙን አየና አለፈ። ያለፈው ስለተፈታ አይደለም፣ ስለተታለለ ነው። ከዚያ ቨርዥኑ ላይ ደርሶ ጂሊብሲ 2.38 አጣ። ይኸ ኤረር ከመጀመሪያውም ነበረ፤ ፊተኛው ኤረር ጋርዶት ስለነበር አልታየሽም። ጂሊብሲውን ብትቀይሪ ደግሞ ሦስተኛው ይጠብቅሻል፣ ምክንያቱም 34 ብለሽ የሰየምሽው ፋይል ውስጡ ያው 30 ነው። ጀሪካኑ ላይ ማር ብለሽ ብትጽፊበት ውስጡ ያለው ጋዝ ማር አይሆንም።

ይህ የቁጥር ነገር ቀልድ አይደለም። ጂዳል የካርታ ዳታ የሚያነብና የሚጽፍ ላይብረሪ ነው። ሊብጂዳል 30 ማለት ጂዳል 3.4 ነው፣ 22.04 ይዞት የመጣው። ሊብጂዳል 34 ደግሞ ጂዳል 3.8 ነው፣ የ24.04። 20.04 ላይ የነበረው 26 ነበር፣ ጂዳል 3.0። ከኤስኦ በኋላ ያለው ቁጥር የሚጨምረው ላይብረሪውን የሠሩት ሰዎች ‹ከአሮጌው ጋር የተሠራ ፕሮግራም ከዚህ ጋር አይግባባም› ሲሉ ነው። ስለዚህ ሎደሩ 34 ካላገኘ 30ን አንስቶ አይሞክርም፣ መሞከርም የለበትም። አንቺ በሊንክ አስገድደሽ ብታስነሽው እንኳ አንዳንዴ ይከፈትና መሐል ላይ ሴግመንቴሽን ፎልት ብሎ ይዘጋል። ይህ ጥሩው ዕድል ነው። መጥፎው ዕድል ሳይዘጋ መቀጠሉ ነው፤ አንዱ ወገን ዳታውን በአንድ አቀማመጥ ሲጽፍ ሌላው በሌላ አቀማመጥ እያነበበው። የማስተርስ ጽሑፍሽ ራስተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስ አትፈልጊም።

የጂሊብሲው ቁጥር ትንሽ ለየት ይላል። ጂሊብሲ ፋይሉ ሁልጊዜ ሊብሲ ዶት ኤስኦ ዶት 6 ነው፣ ያ አይቀየርም። የሚጨምረው ውስጡ ነው፤ እያንዳንዱ ፈንክሽን ላይ የወጣበት ቨርዥን ታግ ሆኖ ይለጠፍበታል። ስለዚህ አሮጌ ፕሮግራም አዲስ ጂሊብሲ ላይ ይሠራል፣ አዲስ ፕሮግራም ግን አሮጌ ጂሊብሲ ላይ እምቢ ይላል። 20.04 ላይ ያለው 2.31 ነው፣ 22.04 ላይ 2.35፣ 24.04 ላይ 2.39። አንቺ 2.35 ይዘሽ ፕሮግራሙ 2.38 ይልሻል። ለምን 2.39 ሳይሆን 2.38 አለ ብለሽ ይሆናል። በ2023 የወጣው 2.38 ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይሩትን እነ ኤስቲአር ቱ ኤልን በአዲስ ስም አወጣቸው። በዚያ ምክንያት 24.04 ላይ የተሠራ ፕሮግራም፣ ሌላ ምንም አዲስ ነገር ባይጠቀምም፣ ከጽሑፍ ውስጥ አንዲት ቁጥር ካነበበ 2.38 ካልሰጣችሁኝ ይላል። ጂሊብሲ 2.38 አልተገኘም የሚል ኤረር ባየሽ ቁጥር ፋይሉ የተሠራው ካንቺ በኋላ በወጣ ሲስተም ላይ ነው ብለሽ ያዢው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ያንቺ ችግር የጎደለ ላይብረሪ አይደለም፤ የሁለት ኡቡንቱ ፓኬጆች አንድ ማሽን ላይ መቀላቀላቸው ነው። የጎደለውን እያሳደድሽ ከሄድሽ ሊብጂዳል ሊብፕሮጅን ይጠራል፣ እሱ ሌላውን ይጠራል፣ መጨረሻው ጂሊብሲ ነው፤ ያኔ ላፕቶፑ 22.04ም አይደለም 24.04ም አይደለም። እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢትም ከአጣዬም ከዓለም ከተማም በዚህ መልክ ተጎድቶ የሚመጣ ላፕቶፕ ብዙ ነው፣ ታሪኩም ሁሌ አንድ ነው፦ ፍላሽ፣ ፎርስ፣ ሊንክ። ኢንተርኔት በጥቅል እየገዛን የምንሠራ ሰዎች ከጓደኛ መቀዳት ልማዳችን ነው፣ ሙዚቃና ፒዲኤፍ ላይ ችግር የለውም። ፓኬጅ ላይ ግን አይሆንም።

ጂሊብሲውን ብትጭኚ ምን ይሆናል ለሚለው ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ሁለት መንገድ አለው። የ24.04ን የሊብሲ6 ዴብ በዲፒኬጂ ብትጭኚ አንዳንዴ ማሽኑ ይነሳል፤ አዲስ ጂሊብሲ አሮጌ ፕሮግራሞችን ስለሚያስኬድ ለጊዜው ሰላም ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን ለ22.04 የሚወጣው የጂሊብሲ ሴኩሪቲ አፕዴት ላንቺ አይደርስም፣ ያንቺ ቁጥር ስለሚበልጥ አፕት (ፓኬጅ ከኢንተርኔት አውርዶ የሚጭነው) አያወርደውም። ወደ ኋላ መመለስም መከራ ነው። ሁለተኛው መንገድ ፋይሉን ብቻ ገልብጦ በአሮጌው ላይ መለጠፍ ነው፣ ወንድምሽ ያሰበው ይሄን ይመስለኛል። እሱ ገዳይ ነው። ሎደሩና ሊብሲው ከአንድ ሥራ የወጡ ጥንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ኤልኤስ አይሠራም፣ ሲፒ አይሠራም፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ሱዶም አይሠራም፤ ያጠፋሽውን ፋይል ለመመለስ የሚያስፈልግሽ ሲፒ ራሱ በዚያ ፋይል ነው የሚነሳው። እዚያ የደረሰ ሰው ካለ አይደንግጥ፣ ዳታው አልጠፋም፤ በላይቭ ዩኤስቢ አስነስቶ ዲስኩን ከፍቶ ትክክለኛውን ፋይል መመለስ ይቻላል። አንቺ ግን እዚያ አልደረስሽም።

አሁን ወደ ጥገናው።

መጀመሪያ ሊንኩን እናንሳ። ዩኤስአር ሥር፣ ሊብ ውስጥ፣ ኤክስ86 ብሎ የሚጀምረው ፎልደር ውስጥ ነው የሚገኘው፣ ሌላ ቦታ ካላደረግሽው በቀር። ኤልኤስ ማይነስ ኤል ብለሽ በሊብጂዳል የሚጀምሩትን እያቸው። ሊንክ የሆነው ቀስት አለው፣ 34 ወደ 30 ያመለክታል። አሁን ዲፒኬጂ ማይነስ ትልቁ ኤስ ብለሽ የ34ቱን ሙሉ አድራሻ ስጪው። የማን ፓኬጅ እንደሆነ ካላወቀው በእጅ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ በሱዶ አርኤም አጥፊው። 30ዎቹን አትንኪ፤ እነሱ የራስሽ ናቸው።

ቀጥሎ ከውጭ የገቡትን ፓኬጆች መለየት ነው። አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። 24.04 ሲወጣ የብዙ ላይብረሪ ፓኬጆች ስም መጨረሻ ላይ ቲ64 የሚል ተጨምሮበታል። በ2038 ባለ 32 ቢት ሲስተሞች ላይ የሚመጣውን የሰዓት ችግር ለመፍታት ተብሎ የተደረገ ነው፤ ላንቺ ላፕቶፕ ምንም የሚጨምረው የለም፣ ስሙ ግን ለሁሉም ተቀየረ። 22.04 ላይ እንዲህ ያለ ስም ሊኖር አይገባም። ስለዚህ ዲፒኬጂ ማይነስ ኤል ብለሽ ውጤቱን በግሬፕ ቲ64 ካጣራሽው የሚወጣው ሁሉ እንግዳ ነው። ቲ64 የሌላቸውም እንግዶች አሉ፣ ኪውጂአይኤስ የሚለው ፓኬጅ ራሱ አንዱ ነው። እነሱን ለማግኘት አፕት ሊስት ሁለት ማይነስ ኢንስቶልድ ብለሽ ሎካል በሚል ቃል አጣሪው። ሎካል የሚለው ማሽንሽ ከሚያውቃቸው ሪፖዚተሪዎች (የፓኬጅ ማከማቻዎች) ውስጥ ያልመጣ ማለት ነው። በራስሽ አውርደሽ የጫንሻቸው ሌሎች ፕሮግራሞችም እዚያ ሊታዩ ይችላሉ፣ ሁሉንም አታጥፊ። ዝርዝሩን ፎቶ አንሺው ወይም ፋይል ላይ አስቀምጪው።

ከዚያ ሱዶ አፕት ሁለት ማይነስ ፊክስ ብሮክን ኢንስቶል። በፊክስና በብሮክን መካከል ሰረዝ አለ። መጀመሪያ ግን ማይነስ ኤስ ጨምረሽ ሞክሪው፣ ሳይሠራ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ብቻ ይነግርሻል። እዚህ ላይ አንብቢ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ‹ዋይ› ብሎ ይጫናል። ሊያነሳቸው ያሰባቸው ፓኬጆች ኪውጂአይኤስና የእሱ ዘመዶች ከሆኑ ደግ ነው፣ ፍቀጂለት። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ወይም ፓይተን3 የሚል ካየሽ ግን አቁሚና ዝርዝሩን ላኪልኝ። ማንሳት ዳታ አይበላም፣ ስለዚህ ኔትወርክ ባይኖርም ይህን ክፍል መሐል ሜዳ ላይ መጨረስ ትችያለሽ። አፕት ግራ ከተጋባ ደግሞ ሱዶ ዲፒኬጂ ሁለት ማይነስ ሪሙቭ ብለሽ የእንግዶቹን ስም ሁሉ በአንድ መስመር ስጪው፤ አንድ በአንድ ከሆነ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ‹ይሄ ያንን ይፈልጋል› እያለ ያሰለችሻል።

አንድ የሚያስቸግር ሁኔታ አለ። ወንድምሽ ከላካቸው መካከል ስማቸው ካንቺው ጋር አንድ የሆነ ፓኬጆች ካሉ ያንቺን አሮጌ ተክተውታል። እነሱን ማንሳት ብቻ አይበቃም፣ ወደ 22.04 ቨርዥናቸው መመለስ አለባቸው። አፕት ፖሊሲ ብለሽ ስሙን ብትሰጪው ሁለት ቁጥር ያሳይሻል፣ የተጫነውንና በሪፖዚተሪው ያለውን። የተጫነው ከሪፖዚተሪው ከበለጠ ሱዶ አፕት ኢንስቶል፣ የፓኬጁ ስም፣ እኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያ የሪፖዚተሪው ቁጥር። ዳውንግሬድ ነው ብሎ ያስጠነቅቅሻል፣ እሺ በይው። ይህ ክፍል ኔትወርክ ይፈልጋል።

የካርታ ሥራሽ ሆም ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ይህ ሁሉ አይነካውም። ግን ኮፒ አድርጊ። ፍላሹ እጅሽ ላይ አለ አይደል።

ሲጸዳ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኪውጂአይኤስ ብለሽ 3.22ን ትመልሻለሽ። ኔትወርኩ ካልቻለ ፍላሹን አሁን በትክክለኛው መንገድ እንጠቀምበት። የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ዝርዝር ያንቺ ማሽን ይጻፈው፣ የወንድምሽ ማሽን ያውርድ ብቻ። እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ በሞባይል ዳታ ሱዶ አፕት አፕዴት አድርጊ፣ ይህ ፓኬጅ አይጭንም፣ ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያድሰው፤ ሌሊት ላይ ብታደርጊው ኔትወርኩ የተሻለ ነው። ከዚያ አፕት ጌት ኢንስቶል ሁለት ማይነስ ፕሪንት ዩአርአይስ ማይነስ ዋይ ኪውጂአይኤስ። በአፕትና በጌት፣ በፕሪንትና በዩአርአይስ መካከልም ሰረዝ አለ። ምንም አያወርድም፣ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች አድራሻ ብቻ ይደረድርልሻል። ውጤቱን ወደ ጽሑፍ ፋይል አዙሪውና ለወንድምሽ በቴሌግራም ላኪለት፣ ጽሑፍ ስለሆነ ምንም አይከብድም። እሱ በነጠላ ጥቅስ ምልክቶች መካከል ያሉትን አድራሻዎች ብቻ ለይቶ በደብሊውጌት ወይም በብራውዘር ያውርዳቸው። የእሱ ኮምፒውተር 24.04 ቢሆን ዊንዶውስም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ምረጥ አላልነውም፣ ተሸከም ነው ያልነው። ፍላሹ ሲደርስሽ ፋይሎቹን ወደ አንድ ፎልደር ገልብጪና እዚያ ውስጥ ሆነሽ ሱዶ አፕት ኢንስቶል፣ ነጥብ፣ ስላሽ፣ ኮከብ፣ ዶት ዴብ። በዲፒኬጂ አይደለም፣ በአፕት። አፕት ዲፔንደንሲውን አይቶ ከጎደለ ሳይጀምር ይነግርሻል። ከዝርዝሩ በኋላ ብዙ ቀን ከቆየ አንዳንዱ ፋይል በአዲስ ቨርዥን ተተክቶ አድራሻው ላይገኝ ይችላል፣ ያኔ አፕዴቱን ደግመሽ ዝርዝሩን እንደገና ማውጣት ነው። ወይም ደግሞ፣ ላፕቶፕ ስለሆነ፣ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን የምትሄጂበት ጉዳይ ካለሽ እሱኑ ይዘሽ ነይና ዋይፋይ ላይ ጨርሺው፤ ከሁሉም ቀላሉ ይኸ ነው።

አሁን ወደ መነሻው፣ ወደ አማካሪሽ ፕሮጀክት። እውነቱን ለመናገር ያ ማስጠንቀቂያ ይህን ሁሉ የሚያስኬድ አልነበረም። ኪውጂአይኤስ በአዲስ ቨርዥን የተቀመጠ ፕሮጀክት ሲያይ ያስጠነቅቃል፣ ግን አብዛኛው ሌየር ይከፈታል፤ ሊጠፋ የሚችለው በአዲሱ ቨርዥን ብቻ ያለ የስታይል ነገር ነው። አማካሪሽን ዳታውን በጂኦፓኬጅ እንዲልክልሽ ጠይቂው፣ እሱን 3.22ም 3.34ም ያነበዋል። በኦሪጅናሉ ላይ ግን ሴቭ አታድርጊ፣ በሌላ ስም አስቀምጪ፣ አለበለዚያ እሱ ሲከፍተው የጎደለ ነገር ያገኛል።

አይ፣ አዲሱ የግድ ያስፈልገኛል ካልሽ መንገድ አለ። የኪውጂአይኤስ ፕሮጀክት የራሱ ሪፖዚተሪ አለው፣ ለየኡቡንቱው ለየብቻ የተሠራ ፓኬጅ ያስቀምጥበታል። የ22.04 መጠሪያ ጃሚ ነው፣ የ24.04 ኖብል። ሪፖዚተሪውን ስትጨምሪ መስመሩ ውስጥ ጃሚ መባሉን አረጋግጪ፤ ኢንተርኔት ላይ የምታገኚው መመሪያ የጸሐፊውን ማሽን ስም ይዞ ነው የሚመጣው፣ ኖብል ብሎ ከቀዳሽው ዞረሽ እዚሁ ነሽ። ለጽሑፍሽ ረጅም ድጋፍ ያለውን ቨርዥን ምረጪ፣ በየአራት ወሩ የሚቀየረውን አይደለም። ኡቡንቱጂአይኤስ የሚባል ፒፒኤ (ከኡቡንቱ ዋናው ውጭ የሆነ ሪፖዚተሪ) ደግሞ አለ፤ ጂዳልን ጭምር ስለሚቀይር ከኪውጂአይኤሱ ሪፖዚተሪ ጋር ሳታመዛዝኚ አትቀላቅያቸው፣ ከእሱ ጋር አብሮ እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀ የተለየ ሪፖዚተሪ ኪውጂአይኤሶች አላቸው።

ፍላትፓክም አለ። ፍላትፓክ ላይብረሪዎቹን ሁሉ፣ ጂሊብሲውን ጨምሮ፣ ይዞ ስለሚመጣ ያንቺ ሲስተም ምን ቨርዥን እንዳለው አይገደውም። እንዲህ ያለ ችግር እንዳይኖር ተብሎ የተሠራ ነው። ክፋቱ ክብደቱ ነው፤ ከነመሠረቱ ሲወርድ በሞባይል ጥቅል የሚሞከር አይደለም። ዋይፋይ ካገኘሽ ግን እኔ ይሄን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ሲስተሙን ምንም ሳይነካ ከ3.22 ጎን ለጎን ይቀመጣል። ኡቡንቱውን ወደ 24.04 ማሳደግም ይቻላል፣ ግን ጽሑፍሽን ልታስረክቢ ስትይ አታድርጊው። 22.04 እስከ 2027 መደበኛ ድጋፍ ያለው ስለሆነ የሚያጣድፍ ነገር የለም።

ሌላ ሰው ደግሞ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የሚባለውን ቫሪያብል ሙዪ ብሎ ሊመክርሽ ይችላል፤ ይህ ምክር ሁሌ ይመጣል። እሱ ለሎደሩ ‹መጀመሪያ እዚህ ፎልደር ፈልግ› ማለት ነው። ለአንድ ፕሮግራም፣ ለአንድ ጊዜ፣ ለሙከራ ጥሩ ነው። ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ከተጻፈ ግን ሁሉም ፕሮግራም እዚያ ፎልደር ያለውን ላይብረሪ ማንሳት ይጀምራልና በሌላ ቀን ምኑም ከኪውጂአይኤስ ጋር የማይገናኝ ፕሮግራም እምቢ ሲልሽ ምክንያቱን አታገኚውም። ደግሞም ያንቺን ችግር አይፈታም፤ የ24.04 ላይብረሪዎችን ፎልደር ብታሳይው ያው 2.38 ይላል።

ኮንዳ (ከአፕት ውጭ የሆነ ሌላ የፓኬጅ መጫኛ) ጭነሽ ከሆነም ንገሪኝ። ኮንዳ የራሱን ሊብስታንዳርድ ሲ ፕላስ ፕላስ ይዞ ይመጣል፣ ኢንቫይሮመንቱ ክፍት ሆኖ የሲስተሙን ኪውጂአይኤስ ስትከፍቺ አንዳንዴ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ኤረሩ ጂሊብሲ ሳይሆን ጂሊብሲኤክስኤክስ ይላል። መፍትሔው ኮንዳን ዲአክቲቬት አድርጎ መክፈት ነው። ከፓይተን ጂዳል የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ በፒፕ የምትጭኚው ጂዳል ቁጥሩ ጂዳል ኮንፊግ (መካከሉ ሰረዝ አለው) ሁለት ማይነስ ቨርዥን ከሚልሽ ቁጥር ጋር መመሳሰል አለበት። በባዶው ፒፕ ኢንስቶል ጂዳል ካልሽው የመጨረሻውን አዲስ አምጥቶ ካንቺ 3.4 ጋር ለመገንባት ሲሞክር ይወድቃል።

ለሌሎች አንባቢዎች፣ ኤረራችሁ ከዚህ የተለየ ከሆነ፤ ላይብረሪው ማሽኑ ላይ እያለ አልተገኘም የሚል ከሆነ፣ በተለይ ራሳችሁ ከሶርስ ገንብታችሁ ዩኤስአር ሎካል ውስጥ ከገባ፣ ሱዶ ኤልዲኮንፊግ በሉ፤ ሎደሩ የሚያየው ካሽ ስላልታደሰ ነው። ሮንግ ኢኤልኤፍ ክላስ ካለ 32 ቢትና 64 ቢት ተቀላቅሏል። የትኛው ላይብረሪ እንደጎደለ ለማየት ኤልዲዲ ብላችሁ የፕሮግራሙን አድራሻ ስጡት፣ ኖት ፋውንድ የሚለውን መስመር ፈልጉ። ግን ከማታውቁት ቦታ በወረደ ፕሮግራም ላይ ኤልዲዲ አትጠቀሙ፣ አንዳንዴ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። እዚያ ላይ ኦብጅዳምፕ ማይነስ ፒ ብሎ ኒድድ የሚሉትን መስመሮች ማንበብ ይሻላል፣ የሚፈልጋቸውን የጂሊብሲ ቨርዥኖችም እዚያው ታች ያሳያችኋል። እንዲያውም ፍላሽ ላይ የመጣን ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት በዚህ ማየት ልመዱ፤ 2.38 ካለና የእናንተ 2.35 ከሆነ መጫን ሳያስፈልግ መልሱ ታወቀ። የራሳችሁን ለማወቅ ኤልዲዲ ሁለት ማይነስ ቨርዥን ብቻ ማለት ይበቃል።

እህቴ፣ ያንን ሎካል የሚለውን ዝርዝርና ፊክስ ብሮክኑ በማይነስ ኤስ ያወጣውን ጽሑፍ እዚህ ለጥፊልኝ። ‹ዋይ› ከማለትሽ በፊት አየዋለሁ።